የሆሎግራም ፕሌት የፎቶ ፊልም አይደለም፣ ዳይክሮሜትም የወጥ ቤት እቃ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ፣ ሆሎግራምን፣ ማለትም በሌዘር የሚቀረጽ ጥልቀት ያለው ምስልን፣ ቤት ውስጥ ስለመስራት የሚያወራ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ አለ፣ እኔም ጋ ከተማሪዎቼ በኩል ደረሰ። እንዲህ አይነት ነገር በአማርኛ መጻፉ በራሱ ደስ ይላል። ሌዘሩ እንዴት ለሁለት እንደሚከፈል፣ ጠረጴዛው ለምን መነቃነቅ እንደሌለበት የተገለጸበት ክፍል ጥሩ ነው፣ እሱ ላይ የምለው የለኝም። ችግሩ የሚጀምረው ጽሑፉ ወደ ፕሌቱ ሲመጣ ነው፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ነገር ከምን እንደተሰራና ውስጡ ምን እንደሚካሄድ ሲያስረዳ ብዙ ቦታ ተሳስቷል፣ አንዱ ስህተት ደግሞ፣ ዳይክሮሜት የሚባለውን ክሮሚየም ያለበት መርዛማ ኬሚካል የሚመለከተው፣ ሰው የሚጎዳ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ስለዚህ በየተራ ልሂድበት፣ ጸሐፊው ያሉትን አስቀድሜ ከዛ የኔን እላለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው። "የሆሎግራም ፊልም ያው የፎቶ ፊልም ነው፣ ብቻ በጣም ፈጣን መሆን አለበት፣ አይኤስኦው ከፍ ያለ ፊልም ካገኛችሁ ይሰራል" ይላሉ። እውነታው ጸሐፊው ያሉት ግልባጭ ነው (ፈጣን ፊልም ማለት ትንሽ ብርሃን የሚበቃው ነው፣ አይኤስኦም የዚህ መለኪያ ነው)። ፕሌቱ ላይ የሚቀረጸው የእቃው ምስል ሳይሆን ከእቃው የመጣው ብርሃንና በቀጥታ ከሌዘሩ የመጣው ብርሃን ሲገናኙ የሚፈጥሩት የብሩህና የጨለማ መስመር ነው፣ መስመሩ ደግሞ እጅግ ቀጭን ነው። ቀዩን ሂሊየም ኒዮን ሌዘር እንውሰድ፣ የሞገድ ርዝመቱ 633 ናኖሜትር ነው፣ ሁለቱን ጨረር በ45 ዲግሪ ብናገናኛቸው ከአንዱ ብሩህ መስመር እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት 830 ናኖሜትር አካባቢ ይሆናል፣ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 1200 መስመር ማለት ነው። ጨረሮቹ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ከመጡ ደግሞ፣ ማለትም ዴኒሲዩክ የሚባለው በተራ አምፖል የሚታየው አይነት ሆሎግራም ከሆነ፣ ርቀቱ ወደ 210 ናኖሜትር ይወርዳል፣ በሚሊሜትር ወደ 4700 መስመር። ተራ የፎቶ ፊልም በሚሊሜትር 100 መስመር አካባቢ ከለየ ጎበዝ ነው። ፈጣን ፊልም ውስጥ ያለችው አንዲት የሲልቨር ብሮማይድ (ብርሃን የሚሰማው የብር ጨው) ክሪስታል አንድ ማይክሮሜትር ወይም ከዛ በላይ ስለምትሆን ብቻዋን አራት አምስት መስመር ሸፍና ትቀመጣለች። በዚህ ፊልም ሆሎግራም የሞከረ ሰው የሚያወጣው ጠቁሮ የቀረ ፊልም ነው፣ ከዛም ሌዘሩ ነው ጠረጴዛው ነው እያለ ሲለፋ ይከርማል።

ለምን ፈጣን መሆንና ቀጭን መስመር መያዝ አብረው አይሄዱም ለሚለው መልሱ ኬሚስትሪው ውስጥ ነው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ክፍልም ይሄ ነው። ሲልቨር ብሮማይድ ብርሃን ሲያገኘው ኤሌክትሮን ይለቀቃል፣ ኤሌክትሮኑ ክሪስታሉ ውስጥ ሲዞር አንድ ጎደሎ ቦታ ላይ ይያዛል፣ ከዛ በክሪስታሉ ውስጥ ሾልኮ የሚሄድ የብር አዮን መጥቶ ይቀበለውና የብር አቶም ይሆናል፣ እንደገና ሌላ ኤሌክትሮን፣ እንደገና ሌላ አዮን። ይሄንን ገርኒና ሞት በ1938 ነው ያስረዱት። አራት አካባቢ አቶም ከተጠራቀመ በቃ፣ በአይን ምንም አይታይም ግን ዴቨሎፐር (የተቀረጸውን የሚያወጣው ማጠቢያ ፈሳሽ) ውስጥ ሲገባ ከዛች ነጥብ ይጀምርና የክሪስታሉ ብር በሙሉ ወደ ንጹህ ብር ይቀየራል። ስለዚህ የፊልሙ ፍጥነት የሚመጣው እነዛ አራት አቶሞች ስንት አዮን ይዘው ይነሳሉ ከሚለው ነው። የብሮማይዱን የክሪስታል መጠን ይዛችሁ ብታሰሉት አንድ ማይክሮሜትር ስፋት ያላት ፍሬ (ክሪስታሏን ፍሬ እንላታለን) ውስጥ ወደ 10 ቢሊዮን የብር አዮን አለ፣ 10 ናኖሜትር የሆነችው ውስጥ ግን ወደ 10 ሺህ ብቻ። ሚሊዮን እጥፍ ልዩነት ነው። ፍሬዋ ባነሰች ቁጥር ብርሃን ይፈጃል፣ ይሄ በተሻለ ፋብሪካ የሚቀረፍ ድክመት ሳይሆን የነገሩ ተፈጥሮ ነው። ፍሬዋን ማሳነስ ሌላም ጥቅም አለው፣ ትልልቅ ፍሬ ብርሃን ይበትናል፣ የአንዷ ፍሬ የመበተን አቅም በዲያሜትሯ ስድስተኛ ፓወር ስለሚያድግ ፍሬዋ እጥፍ ስትሆን መበተኗ 64 እጥፍ ይሆናል፣ ያ የተበተነ ብርሃን ነው ሆሎግራሙ ላይ ጭጋግ ሆኖ የሚታየው።

በቁጥር ልየው። ስላቪች የሚባለው የሩሲያ ፋብሪካ ፒኤፍጂ 01 የሚለው ፕሌት ፍሬው 40 ናኖሜትር አካባቢ ነው፣ በስኩዌር ሴንቲሜትር 100 ማይክሮጁል ገደማ ይበቃዋል፣ ፒኤፍጂ 03ኤም የሚለው ደግሞ ፍሬው 10 ናኖሜትር አካባቢ ሲሆን ወደ 2 ሚሊጁል ይፈልጋል። 5 ሚሊዋት ሌዘር 10 በ10 ሴንቲሜትር ፕሌት ላይ ብትዘረጉ ለመጀመሪያው 2 ሰከንድ፣ ለሁለተኛው 40 ሰከንድ ማለት ነው። በዛ 40 ሰከንድ ውስጥ ከመስመሩ ስፋት ትንሿን ክፍልፋይ፣ 20 ናኖሜትር ያህል እንኳን የሚነቃነቅ ነገር መኖር የለበትም። እሺ ፈጣኑን ልውሰድ ካላችሁ ጭጋጉን ትቀበላላችሁ። ምርጫው ይሄ ነው፣ እናም ሰው ምን እየመረጠ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ይሄ አዲስ ነገርም አይደለም። ሊፕማን በ1891 በኢንተርፌረንስ የቀለም ፎቶ ሲያነሳ ገና ያኔ እንዲህ አይነት ደቃቅ ፍሬ ያለው ኢመልሽን (ፍሬዎቹን የያዘው፣ መስታወት ላይ የሚቀባው ሽፋን) ያስፈልገው ነበር፣ በ1908 ኖቤል ያሸለመው ስራ ነው። ዴኒሲዩክም ሌኒንግራድ ቫቪሎቭ ኢንስቲትዩት ሆኖ የሊፕማንን መንገድ ተከትሎ ነው በ1962 ስራውን ያወጣው። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሊዝና ኡፓትኒክስ ኮዳክ 649ኤፍ የሚባል ለስፔክትሮስኮፒ የተሰራ በጣም ዘገምተኛ ፕሌት ነበር የሚጠቀሙት። ጽሑፉ የሆሎግራም ፈልሳፊው ጋቦር በ1947 "በሌዘር" ሰራ የሚለውም ይታረም፣ ሌዘር የተሰራው በ1960 ነው፣ ጋቦር የሜርኩሪ መብራት ነበር የተጠቀመው።

ሁለተኛው አጭር ነው። "እንደ ፎቶ ቤት ዳርክ ሩም ቀይ መብራት አብሩ" ይላሉ። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ቀይ ብርሃን ስለማያየው ነው ድሮ ፎቶ ቤቶች ቀይ አምፖል የሚያበሩት። በቀይ ሌዘር የምትቀርጹበት ፕሌት ግን የተሰራው ቀይ እንዲያይ ነው፣ ቀይ አምፖል ካበራችሁ ሌዘሩን ሳትከፍቱ ፕሌቱ ያልቃል። ለሱ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው የሚበራው፣ እሱም ከፕሌቱ ራቅ ተደርጎ። ለሰማያዊ የሚሰራ እንደ ዳይክሮሜት ያለው ነገር ከሆነ ደግሞ ቀይም ቢጫም ችግር የለውም። መብራቱን የሚወስነው የያዛችሁት ፕሌት ምን አይነት ብርሃን ያያል የሚለው ብቻ ነው።

ሦስተኛው "ብሊች አያስፈልግም፣ የቀረጻችሁትን ያጠፋዋል" የሚለው ነው። ብሊች ከዴቨሎፐሩ በኋላ ጥቁሩን ብር የሚቀይረው ፈሳሽ ነው። ይሄ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ የጠቆረው ፕሌት ብሊች ውስጥ ሲገባ ጥቁሩ ሙልጭ ብሎ ይጠፋና ባዶ መስታወት የያዛችሁ ነው የሚመስለው። ግን ሆሎግራም ስራው ብርሃንን ማጠፍ ነው፣ ጥቁር መስመር ደግሞ አብዛኛውን ብርሃን ውጦ ያስቀረዋል። ኮገልኒክ የቤል ላብ ሰው ነው፣ በ1969 ባወጣው ስሌት ወፈር ያለ ኢመልሽን ውስጥ ያለ በጥቁረት ብቻ የሚሰራ ሆሎግራም ቢበዛ ቢበዛ ብርሃን አሳላፊው 3.7 ከመቶ፣ አንጸባራቂው 7.2 ከመቶ ነው ወደ ምስሉ ሊልክ የሚችለው። ጥቁረቱን አውጥተን በስብረተ ብርሃን (ነገሩ ብርሃንን በሚያጥፍበት መጠን) ልዩነት ብቻ የሚሰራ ካደረግነው ግን በስሌት እስከ 100 ከመቶ ይደርሳል። ብሊቹ የሚሰራው ይሄንን ነው። ለምሳሌ ፖታሲየም ፌሪሳያናይድና ፖታሲየም ብሮማይድ ያለበት ብሊች ጥቁሩን ብር መልሶ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲልቨር ብሮማይድ ያደርገዋል፣ ብሮማይዱ በበዛበትና ባነሰበት መስመር መሀል የስብረቱ መጠን ስለሚለያይ መስመሩ አሁንም አለ፣ በአይን ስለማይታይ ብቻ የሌለ ይመስላል። ደብዛዛ የነበረው ምስል ቦግ ብሎ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። እውነተኛው የብሊች ችግር ሌላ ነው፣ ፕሌቱ ላይ የቀረው ብሮማይድ አሁንም ብርሃን ስለሚሰማው ጸሐይ ላይ ከከረመ ቀስ እያለ ይጠቁራል። ጸሐፊው ይሄንን ቢያነሱ ኖሮ እስማማ ነበር።

አራተኛ፣ ቀለም። "የሆሎግራሙን ቀለም የሚሰጠው ኢመልሽኑ ውስጥ የተጨመረው ዳይ ነው" ተብሏል። ዳይ (ብርሃን የሚውጥ ቀለም) መኖሩ ልክ ነው፣ ሲልቨር ብሮማይድ በራሱ ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ብቻ ስለሚያይ ቀይና አረንጓዴ እንዲያይ ፍሬዎቹ ላይ ዳይ ይለጠፋል፣ ግን ስራው ብርሃኑን ተቀብሎ ኤሌክትሮኑን ማቀበል ነው፣ ሲታጠብም በአብዛኛው ይወጣል። የምታዩት ቀለም የሚመጣው ከመስመሮቹ ርቀት ነው። አንጸባራቂ ሆሎግራም ውስጥ መስመሮቹ እንደ ቅጠል ተደራርበው የተቀመጡ ናቸው፣ ከነጭ ብርሃን ውስጥ ከርቀታቸው ጋር የሚገጥመውን ሞገድ ብቻ መርጠው ይመልሳሉ። ለዚህ ነው በቀይ ሌዘር ተቀርጾ አረንጓዴ ሆኖ የሚወጣ ሆሎግራም ያለው፣ ፊክሰሩ (የቀረውን ብሮማይድ የሚያሟሟው ፈሳሽ) ብሮማይዱን ሲያወጣው ፍሬዎቹን የያዘው ጄላቲን ይሳሳል፣ ቅጠሎቹ ይቀራረባሉ፣ ቀለሙ ወደ አጭሩ ሞገድ ይሄዳል። ይሄንን ጉድለት ወደ ጥበብ የቀየሩት አሉ፣ ፕሌቱን ከመቅረጻቸው በፊት ትራይኢታኖልአሚን ውስጥ ነክረው ያሳብጡታል፣ ቀርጸው ሲያጥቡት እብጠቱ ይወርዳል፣ በምን ያህል እንዳሳበጡት እየመጠኑ በአንድ ቀይ ሌዘር ብቻ የተለያየ ቀለም ያወጣሉ። አንድ ጠብታ ቀለም የለበትም። ዳይ ነው ብሎ ያመነ ሰው ፕሌቱ ቀለሙን ሲቀይርበት ምን እንዳጠፋ በፍጹም ሊያገኘው አይችልም፣ መፈለግ ያለበት ጄላቲኑ ውፍረት ላይ ነውና።

አምስተኛው "ፎቶፖሊመር መጥቷል፣ ውሃም ዴቨሎፐርም አይፈልግም፣ ሌላው ሁሉ ሞቷል" የሚለው ነው፣ ግማሹ ልክ ነው። ፎቶፖሊመር በጣም ቆንጆ ነገር ነው። ዳዩ ብርሃኑን ይውጥና ከሌላ ሞለኪውል ጋር ሆኖ ፍሪ ራዲካል (ከሌላ ጋር ለመያያዝ የሚቸኩል ሞለኪውል) ይፈጥራል፣ ብሩህ መስመሩ ላይ ያለው ሞኖመር (ትንንሹ ሞለኪውል) ወደ ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለት) ይያያዛል፣ እዛ ሞኖመር ሲያልቅ ከጨለማው መስመር ሌላ ሞኖመር እየፈሰሰ ይመጣል፣ እንዲህ እያለ ራሱን በራሱ እየሰራ ይሄዳል፣ በመጨረሻ አልትራቫዮሌት ወይም ነጭ ብርሃን ይበራበትና ያልቃል። የሂዩዝ ላብራቶሪ ሰዎች በ1969 በአክሪልአማይድ ጀመሩት፣ ከዛ ዱፖንት መጣ፣ ዛሬ የኮቬስትሮ ባይፎል ኤችኤክስ በጥቅል ይሸጣል። ግን በስኩዌር ሴንቲሜትር አስር፣ ሀያ፣ ሠላሳ ሚሊጁል ይበላል፣ ሞኖመር ሲያያዝ ስለሚሰበሰብ ቀለም ያንሸራትታል፣ ኦክስጅን ደግሞ መጀመሪያ የሚፈጠሩትን ራዲካሎች ይበላቸውና እስኪያልቅ ድረስ ምንም ሳይቀረጽ ትጠብቃላችሁ። ሞኖመሩ ፈስሶ እስኪደርስም ጊዜ ይፈልጋል። በናኖሰከንድ በሚተኩስ ሌዘር ሰው ስትቀርጹ፣ ሰው ስለሚተነፍስ ሌላ አማራጭ የላችሁም፣ እዛ ላይ ዛሬም የሚያስተማምነው ሲልቨር ብሮማይድ ነው፣ ምክንያቱም ከብርሃኑ የሚፈልገው እነዛን ጥቂት አቶሞች ብቻ ነው፣ ቀሪውን ዴቨሎፐሩ በኋላ በእርጋታ ይሰራለታል። አግፋ በ1990ዎቹ የሆሎግራም ፕሌት መስራት ሲያቆም ብዙ ሰው አዝኖ ነበር፣ ግን ያ የገበያ ጉዳይ ነው፣ ኬሚስትሪው ተሸንፎ አይደለም።

ስድስተኛውን ቶሎ ልለፈው። የባንክ ካርድ ላይ ያለው ሆሎግራም "እያንዳንዱ በሌዘር የሚቀረጽ ነው" ተብሏል። በሌዘር የሚቀረጸው አንዱ እናት ፕሌት ብቻ ነው፣ ፎቶሬዚስት በሚባል ሰማያዊና አልትራቫዮሌት የሚያይ ነገር ላይ፣ ብርሃን ያገኘው ክፍል በአልካላይ ሲታጠብ ይሟሟና ወጣ ገባ መስመር ይቀራል። እሱ ላይ በኤሌክትሪክ ኒኬል ይለበጥበታል፣ ኒኬሉ ማህተም ይሆናል፣ በሙቀትና በግፊት ፕላስቲክ ላይ ይታተማል፣ በአሉሚኒየም ይለበሳል። ማስተርካርድ በ1983፣ ቪዛ ከርግቧ ጋር በ1984 ካርድ ላይ ያወጡት በዚህ መንገድ ነው። ኪሳችሁ ያለው ካርድ ብርሃን የሚሰማው ምንም ነገር የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጽሑፉ ፕሌት መግዛት ለማይችል ሰው እንዲህ ይላል፣ "ጄላቲን የሚበላ ነገር ነው፣ ወጥ ቤት ውስጥ በሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ አሞኒየም ዳይክሮሜት ጨምሩበት፣ መስታወት ላይ አፍስሱ፣ የተረፈውን ሲንክ ውስጥ ድፉት፣ በቀይ ሌዘር ቅረጹበት"። በዚህች አንቀጽ ውስጥ ያለው ስህተት ከሌላው ጽሑፍ ሁሉ ይበልጣል።

ነገርየው ራሱ ድንቅ ነው፣ እሱን አልክድም። ዳይክሮሜትና ጄላቲን ብርሃን ላይ እንደሚጠነክር ታልቦት በ1852 አግኝቶታል፣ ከሱ በፊት ፖንተን በ1839 ዳይክሮሜት የነካው ወረቀት ጸሐይ ላይ ቀለሙን እንደሚቀይር አይቷል። ሻንኮፍ ደግሞ በ1968 ለሆሎግራም አዋለው፣ ፍሬ የሚባል ነገር ስለሌለው ጭጋግ የለውም፣ በተግባር ወደ 100 ከመቶ የሚጠጋ ብርሃን ይመልሳል፣ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ፊት ለፊት ቁጥሩን የሚያሳየው መስታወት በዚህ ይሰራል። ኬሚስትሪው እንዲህ ነው፣ ስድስት ቻርጅ ያለው ክሮሚየም ብርሃን ሲያገኝ ከጄላቲኑ ኤሌክትሮን እየወሰደ በመጨረሻ ሦስት ቻርጅ ያለው ክሮሚየም ይሆናል፣ ሦስቱ ደግሞ የጄላቲኑን ረጃጅም ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስራቸዋል። ይሄ ለኛ ሩቅ ነገር አይደለም፣ ሞጆ ያሉ ፋብሪካዎች ቆዳ በክሮም ሲያለፉ የሚያደርጉት ያንኑ ነው፣ ጄላቲንም ከቆዳና ከአጥንት ኮላጅን የሚወጣ ስለሆነ እስሩ አንድ አይነት ነው። ልዩነቱ ፋብሪካው የሚጠቀመው ከመጀመሪያውም ሦስት ቻርጅ ያለውን ክሮሚየም ነው፣ የሆሎግራሙ ሰው ግን የሚጀምረው ከስድስቱ ነው። አደጋው ያለውም እዛ ላይ ነው።

ስድስት ቻርጅ ያለው ክሮሚየም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፣ በተለይ ዱቄቱ ወይም ብናኙ ሲተነፈስ ለሳንባ። ቆዳ ላይ ቁስል ያወጣል፣ አንዴ አለርጂ ያስያዘው ሰው ከዛ በኋላ ትንሽም ሲነካው ያብጣል። አሞኒየም ዳይክሮሜት በዛ ላይ ሲሞቅ ራሱን በራሱ አቃጥሎ አረንጓዴ አመድ እየተፋ የሚነሳ ነገር ነው፣ ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ እሳተ ገሞራ ብለው ድሮ የሚያሳዩት እሱ ነው። እና ይሄንን ነው ምግብ የሚበስልበት ምድጃ አጠገብ፣ ልጆች ባሉበት ቤት፣ በማንኪያና በድስት ቀላቅሉ የተባለው። ሲንክ ውስጥ መድፋትማ በጭራሽ፣ መጀመሪያ ወደ ሦስት ቻርጅ ተቀይሮ፣ በአልካላይ እንዲዘቅጥ ተደርጎ፣ ዝቃጩ ለብቻው ተይዞ ነው የሚወገደው፣ ይሄ ደግሞ የላብራቶሪ ስራ ነው።

እንደውም አደጋውን ተቀብሎ የሞከረ ሰው ምንም አያገኝም። ዳይክሮሜት ሰማያዊ ነው የሚያየው፣ 442 እና 488 ናኖሜትር ላይ ጥሩ ነው፣ 514 ላይ እየደከመ ይሄዳል፣ 633 ላይ ዓይነ ስውር ነው። በቀይ እንዲሰራ ሚታይሊን ብሉ የሚጨምሩ አሉ፣ ግን ጽሑፉ እሱን አላነሳም። በትክክለኛው ቀለም እንኳን በስኩዌር ሴንቲሜትር 100 ሚሊጁል አካባቢ ይፈልጋል፣ ቅድም ባልኩት 5 ሚሊዋት ሌዘር ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት። ከዛ ውሃ ውስጥ አሳብጦ በአይሶፕሮፒል አልኮል በድንገት ማድረቅ አለ፣ ጽሑፉ ስለ አልኮሉ አንድ ቃል የለውም፣ በውሃ ብቻ የታጠበ ፕሌት ደግሞ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው። ተሳክቶ ወጣ እንበል፣ በሌላ መስታወት ካልታሸገ እርጥበት ይገባውና መስመሩ ይጠፋል፣ ክረምት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሳይታሸግ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ሆሎግራም ብዙ አይቆይም።

የትምህርት ቤት ሳይንስ ክበብ ለምትመሩ መምህራን፣ ጀማሪ ልጅ እጅ ላይ ዳይክሮሜት አይግባ። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቀይ የሚያይ የሲልቨር ፕሌት ውድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን አንዱን ፕሌት በትንንሹ ቆርጦ መከፋፈል ይቻላል። ሜቶልና ቫይታሚን ሲ ያለበት ዴቨሎፐር አለ፣ ኮፐር ሰልፌትና ፖታሲየም ብሮማይድ ያለበት ብሊች አለ፣ እነሱም ጓንትና መነጽር ይፈልጋሉ ግን ከክሮሚየሙ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም። ወይም በብርሃን ብቻ የሚያልቅ የፎቶፖሊመር ፊልም፣ ፋብሪካ የሰራው። አክሪልአማይድ ገዝቶ ራስ መቀላቀል ግን እሱም መርዝ ነው፣ ነርቭ ይጎዳል።

ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ እንዳለ ቢተዉትም የዳይክሮሜቷን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ እንዲያወጧት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጽሑፉን ለልጆች ያስተላለፋችሁም፣ ለነዛው ልጆች ይሄንን ክፍል መልሳችሁ ላኩላቸው፣ ዱቄቱን አስቀድሞ የገዛ ካለም እቃውን ሳይከፍት ለትምህርት ቤቱ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ሀላፊ ያስረክብ።